«እዪኝ» እያልኩ ያሳመምኳት ልጅ

ይህን የምጽፈው በረንዳ ላይ ለሚጠብቁ ወላጆች ነው። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ልጆች የሚሠለጥኑበት አንድ የኪራይ ቪላ አለ፤ ግቢው ውስጥ ዥዋዥዌ ተተክሏል፣ በረንዳው ላይ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። እናቶች በብዛት፣ አባቶች አልፎ አልፎ፣ ልጆቻቸው ውስጥ ገብተው እስኪወጡ ድረስ እዚያ ይቀመጣሉ። እኔም ዘጠኝ ወር ተቀምጬበታለሁ። አንዱ ወንበር እግሩ የተሰነጠቀ ነው፤ እሱን ማንም ስለማይሻማኝ የእኔ ነበር።

ሐኪም ነኝ ልል አይደለም። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ እሱንም በማታ። ስሜ ታደሰ ነው፤ ሥራዬ ጎሚስታ። አርባ ዓመት ሙሉ መካኒሳ አቦ አስፋልት ዳር ጎማ ስለጥፍ ኖሬያለሁ። ይህንን ደብተር ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፊደሉን ስህተት ያቃናችው ልጄ ገነት ናት። እሷን የሚያስወቅስ ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን አንስታ ቆየችና «ተወው አባዬ፣ ይቀመጥ» አለችኝ። ስለዚህ አላወጣሁትም።

ሜላት የገነት ብቸኛ ልጅ ናት። አራት ዓመቷን ይዛም አልተናገረችም ነበር። ስሟን ስንጠራት አትዞርም፤ ሦስተኛ ጎረቤት የተከፈተ ቧንቧ ግን ይሰማታል። ሰው ሊስማት ጎንበስ ሲል ትሸሻለች። ደስ ሲላት ሁለት እጆቿን ታርገበግባለች፣ ልትበር የተዘጋጀች ነው የምትመስለው። ገነት ቢሮ ስለምትውል ልጅቷ ከእኔ ጋር ጎሚስታው ቤት ነበር የምትውለው።

የፈሰሰ ጎማ እንዴት እንደሚገኝ ላስረዳ፣ ኋላ ይጠቅማችኋል። የውስጠኛውን ጎማ፣ እኛ ካላማዳሪያ የምንለውን፣ ንፋስ እንሞላውና ግማሽ በርሜል ውሃ ውስጥ እየነከርን እናዞረዋለን። የተበሳው ቦታ ውሃ ውስጥ ሲገባ አረፋ ይወጣል። ሥራዬ ይኸው ነው፤ አቀርቅሮ ውሃ ማየት። ሜላት ከበርሜሉ ማዶ ተቀምጣ ከእኔ ጋር ውሃውን ታያለች። አረፋው ብቅ ሲል «ፍስስስ» ትላለች። እየዋለ እያደረ ያቺ «ፍስስስ» የእኔ ስም ሆነች። ጠዋት በሩን ስከፍት «ፍስስስ»። ከመንገድ ማዶ ስታየኝ «ፍስስስ»። ለእናቷ እንኳ ብላው አታውቅም።

ሾፌሮቹ ይስቁብኝ ነበር። «ጋሽ ታደሰ፣ ልጅቷ እኮ አስተነፈሰችህ!» ይሉኛል። እኔም ቀና ሳልል «ዝም በልና ጎማህን አምጣ» እላቸዋለሁ።

የጎማ ንፋስ መግቢያ ላይ የምትከደን አንዲት ጥቁር ክዳን አለች፣ የጣት ጫፍ የምታህል። የተጣሉትን እየሰበሰብኩ በሲባጎ ሰካሁላትና እንደ መቁጠሪያ ሆኑላት። ሃያ ሦስት ክዳኖች ነበሩ። ጣቷን እያሳለፈች ስትቆጥራቸው መኪና ቢያጓራ፣ ሰው ቢጮህ ግድ የላትም ነበር።

ሰው ግን ዝም አይልም። አንዱ ክሊኒክ ጆሮዋ ነው አለን። ሌላው ምላሷ ታስሯል አለ። ጎረቤት ቴሌቪዥን ነው ያደነዘዛት አለ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋን። ጠበል ወሰድናት፤ ውሃ ስለምትወድ እዚያ እንኳ ደስ ብሏት ነው የዋለችው። በመጨረሻ ትልቁ ሆስፒታል ብዙ ወር ወረፋ ጠብቀን ኦቲዝም ነው ተባልን። አባቷ ይህንን ሲሰማ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አለ። ከዚያ መምጣቱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ በስልክ ብቻ ቀረ። ያን ዕለት ገነት ወደ እኔ ዞራ «በእኛስ ዘር አለ እንዴ አባዬ?» ስትለኝ «ኧረ የለም» አልኳት። የዋሸሁ አልመሰለኝም።

ሐኪሙ ቶሎ ስልጠና አስጀምሯት አለ። የባህርይ ሕክምና ይሉታል። ትንሽ ትንሹን ነገር እየቆራረሱ ደጋግሞ ማስተማር ነው፤ ልጁ ሲታዘዝ ይሸለማል፣ ካልታዘዘ ሽልማቱ ይቀርበታል። አንድ ዓመት በደንብ ከሠለጠነች ትምህርት ቤት ትገባለች ተባልን። ገነት ያንን ቃል ስትሰማ ያለቀሰችው ለቅሶ የደስታ ነበር።

ለቡ ያለው ቪላ ውስጥ የተቀበለችን ሚስ ሄለን የምትባል ልጅ ናት። ወጣት ናት፣ ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ልጆቹን ትወዳለች፤ ይህንን ማንም እንዳይጠራጠር። ፎርም አውጥታ ጠየቀችን። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ሜላት ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ምንድነው?» የሚል ነበር። ገነት ስታመነታ እኔ ቀደምኳት። ስለ ክዳኖቹ ነገርኳት። ሃያ ሦስት መሆናቸውን፣ እንዴት እንደምትቆጥራቸው፣ ስትፈራ እንዴት እንደሚያረጋጓት፣ ሁሉንም። ሚስ ሄለን ጻፈችው። ልባችንን የሚጠይቅ ሰው አገኘን ብዬ ወጣሁ። የምትወደውን የጠየቁን ሊሰጧት መስሎኝ ነበር። ሊነፍጓት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ በብስኩት ነበር። በመስኮቱ አያለሁ፤ ሜላት ትንሽ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ሚስ ሄለን ፊት ለፊቷ። «እጅ ጭን ላይ።» እጇን ታወርዳለች። «እዪኝ።» ታቀረቅራለች። አገጯን በጣት ቀና ታደርጋታለች። «እዪኝ። ጎበዝ!» ጭብጨባ፣ ቁራሽ ብስኩት። እንደገና «እዪኝ።» በአንድ ቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ እኔ አልቆጠርኩም፣ እነሱ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

ቤት ውስጥም መቀጠል አለበት ተባለ። ገነት ሥራ ላይ ስለሆነች ሚስ ሄለን እኔን አስተማረችኝ። ጠዋትና ከሰዓት፣ ደንበኛ ሳይበዛ፣ ሜላትን የጎማ ክምር ላይ አስቀምጣትና ሁለት እጆቿን በአንድ እጄ ጭኗ ላይ እይዛለሁ። እጄ ትልቅ ነው፣ ሁለቱንም ይጨብጣል። «ሜሉ፣ እዪኝ» እላለሁ። አሁን ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ ዓይኗን አላይም ነበር። ግንባሯን ነበር የማየው። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዓይን ማየት አልችልም። የማልችለውን ነገር ነበር ከአምስት ዓመት ልጅ የምጠይቀው።

ከአራት ወር በኋላ «አባባ» አለችኝ። ገነት እልል አለች። ጎረቤት ጠራች፣ ስልክ ደወለች፣ ሜላትን ደጋግማ አስባለቻት። እኔም አለቀስኩ። ግን አንድ ቀን ከለቡ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ተማሪ ብስኩት ስትከፍት ሜላት ፈጠን ብላ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ቀና ብላ ልጅቷን አየቻትና «አባባ» አለቻት።

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። «ምነው፣ ፂም አወጣሽ እንዴ?» አላት ረዳቱ ተማሪዋን። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ሳያልቅ ግን ራሴን ጠየቅሁ። «ፍስስስ»ን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው? አሰብኩ፣ አሰብኩ። ማስታወስ አቃተኝ። ለገነት አልነገርኳትም። እንዴት ብዬ ያንን ደስታ እወስድባታለሁ?

ከዚያ ብስኩቱ መሥራት ተወ። ሜላት መታዘዝ ስታቆም ሚስ ሄለን ፎርሙን አየችና ክዳኖቹን ከእጇ ወስዳ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠች። «ስታዪኝ እሰጥሻለሁ።» ሜላት የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ መታች። ትራስ አደረጉላት፣ ክዳኖቹን ግን አልሰጧትም። «ችላ በሏት» ተባልን፤ «ካዘናችሁላት ለቅሶውን ትለምደዋለች።» እኔ በተሰነጠቀው ወንበር ላይ ተቀምጬ ችላ አልኩ። በዚያ ሰሞን ነው እጇን መንከስ የጀመረችው፤ ቀኝ እጇን፣ ከአውራ ጣቷ በታች። ቁስሉ ሲድን እንደገና ትነክሰዋለች።

ከአጠገቤ የምትቀመጥ ዘይነባ የምትባል እናት ነበረች፣ ባለሱቅ ናት። የልጇ የአብዱ ዕድሜ ዘጠኝ ነው። ሁሉም በእሱ ይቀና ነበር፤ ሲገባ ለሁሉም እጁን ይዘረጋል፣ «ደህና ናችሁ?» ይላል።

«ታድለሽ» አልኳት አንድ ቀን።

ሻርፗን አስተካከለች። «እዚህ ሲሆን ነው አባባ» አለችኝ። «እዚህ ሲሆን ሰላም ይላል። ቤት ሲገባ አልጋ ሥር ይገባል። እራት በልቶ አያውቅም። የትኛው ነው ልጄ? ሰላም የሚለው ነው ወይስ አልጋ ሥር ያለው?»

«ለሚስ ሄለን ነግረሻታል?»

«ፎርሙ ላይ አልጋ ሥር የሚል ጥያቄ የለማ!» ብላ ሳቀች። ሳቋ አላማረኝም።

የእኔ ሕመም የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ ጠዋት የሜላትን እጅ ጭኗ ላይ ይዤ «እዪኝ» ልል ስል የእናቴ መቀነት ታየኝ። ነጭ፣ ጫፉ ቀይ ጥለት ያለው። ትንሽ ልጅ ሆኜ እንደ ሜላት እጄን አርገበግብ ነበር። አባቴ ሰው ሲያይ ያፍርብኝ ነበርና በመቀነት ሁለት እጄን ከወገቤ ጋር አሰረኝ። እስክተው ድረስ፣ ክረምቱን በሙሉ። ተውኩም። ይህንን ስልሳ ዓመት አላስታወስኩትም ነበር። ያን ዕለት «እዪኝ» ሳልል የሜላትን እጅ ለቀቅኩ።

ከዚያ አርባ ዓመት የኖርኩበት የኮምፕሬሰር ድምፅ ራሴን ይሰነጥቀኝ ጀመር። ምግብ አልወርድልህ አለኝ። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፣ ጨርሼ ሌላ ክሊኒክ ስሄድ ጨጓራ ነው አለ። ሦስተኛው ደም ብዛት ነው፣ ጨው ተው አለኝ። ጨው ተውኩ። እዚያው ሦስተኛው ክሊኒክ ወረፋ ስጠብቅ ነርሷ ስሜን ጠራች፤ አቤት ልል አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። ቃሉ ውስጤ አለ፣ መውጫው ተዘጋ። ገነት ስትሮክ መታው ብላ ጮኸች። ጭንቅላቴን ራጅ አነሱኝ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። ንጹሕ መሆኑ ይበልጥ አስፈራን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል አልተናገርኩም። እድርተኞቹ እየመጡ አልጋዬ አጠገብ ሲቀመጡ «ምስኪን፣ ድሮም ዝምተኛ ነበር» ሲሉ ይሰማኛል፣ መመለስ ግን አልችልም።

ሜላትን ለቡ የሚያመላልሳት ጠፋና ቤት ቀረች። ጎረቤት ብቅ እያለ ያየናል እንጂ ቀኑን አንድ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን፣ ሁለታችንም አንናገርም። እኔ ግድግዳ አያለሁ፤ እሷ ወለል ላይ ተኝታ ከበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን ታያለች። ማንም ማንንም «እዪኝ» አይልም። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የእጇን ቁስል አየሁት፤ ቅርፊት ይዟል። በሳምንቱ ቅርፊቱ ወደቀ፣ እንደገና አልነከሰችውም። አንድ ቀን ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እጇን አርገበገበች። ተኝቼ አየኋት። ከልካይ አልነበረም።

ገነት በሰው በሰው አንዲት የአእምሮ ሐኪም አገኘችልኝ። የመጠበቂያው ክፍል ጠባብ ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው እንዳያየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። እኔ እንኳ ተመችቶኛል። ሐኪሟ ስገባ ፊቴን አላየችም። ወንበሯን ወደ መስኮቱ ዞር አደረገችና ከእኔ ጎን ተቀመጠች፣ ሚኒባስ ውስጥ እንደሚቀመጡ ሁለት ሰዎች።  አልቸኮለችም። ከዚያ ቀስ ብላ «ምን ይሠራሉ?» አለችኝ።

«ጎማ» አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሌ ጎማ ነበር። ገነት ከኋላዬ አፏን ያዘች።

«ደንበኞችዎን በምን ያውቋቸዋል አባባ?»

«በጎማቸው።»

«በመልካቸውስ?»

«መልክ ያምታታኛል። ጎማ አያምታታም። አንዱ በግራ በኩል ያልቃል፣ አንዱ መሐል ለመሐል ይበላል። ሰውዬው ባርኔጣ ቢያደርግም ጎማው ያው ነው።»

ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በሦስት ቀጠሮ ሁሉንም ጠየቀችኝ። ሰው ጉንጬን ሲስመኝ በሆዴ እየቆጠርኩ እስኪያልቅ እንደምጠብቅ ነገርኳት። እድር ውስጥ ዕቃ ክፍል የተመደብኩት ራሴ ለምኜ እንደሆነ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ከመነጋገር ወንበር መቁጠር እንደሚቀለኝ ነገርኳት።

«እንዴት ማንም ሳያውቅብዎ ኖሩ?» አለች።

እሱን ቤቴ ተመልሼ ነው በደንብ ያሰብኩት። መንዝ ስናድግ ልጅ ትልቅ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየቱ ነውር ነበር። እኔ ማየት ስላልቻልኩ አቀረቅራለሁ፤ ሰው ደግሞ «አንገቱን የደፋ ጨዋ ልጅ» ብሎ ያመሰግነኛል። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ስንቆጥር ሁላችንም ወዲያና ወዲህ እንወዛወዝ ነበር፤ እኔ ሳልወዛወዝ መቀመጥ እንደማልችል ማን ይለያል? ያጋለጠኝ እጄ ብቻ ነበር፣ እሱ ደግሞ ታሰረ። እኔን ጨዋ ያስባለኝ ማቀርቀር ሜላትን በሽተኛ አስባላት። ያው አንገት ነው።

ሐኪሟ ለገነት እንዲህ አለቻት፦ «ሜላት ከሰማይ አልወረደችም። እሷን የሚመስል ሰው እናንተ ቤት ሰባ ዓመት ኖሯል።» ለእኔ ደግሞ ኦቲዝም እንደ ታይፎይድ ታክሞ የሚወጣ በሽታ እንዳልሆነ፣ አእምሮ ከጥንቱ ለየት ብሎ መሠራቱ እንደሆነ አስረዳችኝ። የታመምኩት ሌላ ነው፤ ድባቴ ትለዋለች፣ ዕድሜ ልክ ሌላ ሰው መስሎ የመኖር ድካም ነው። መድኃኒት ሰጠችኝ። አሁንም እወስደዋለሁ።

እንግዲህ ዳንኩ ብዬ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ግን እኔ መናገር በጀመርኩ በሳምንቱ ገነት የሜላትን ቦርሳ አዘጋጀች።

«ሰኞ ትመለሳለች» አለች። «ትምህርት ቤቱ የሚመዘግብበት ጊዜ ደርሷል።»

«ገኒ፣ አትውሰጃት።»

«አባዬ፣ እባክህ። አንተ ኖርክ አይደል? ሠራህ፣ አገባህ፣ ወለድክ። እሷም እንድትኖር ነው እኮ እኔ የምሯሯጠው!»

«እናትሽ ስትሞት ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ‹አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለህ ሳታየኝ› አለችኝ። ልነግራት አልቻልኩም፣ ስሙን አላውቀውማ። ይኼ ኑሮ ከሆነ ኖሬያለሁ።»

ገነት ቦርሳውን ጣለችው። «ታዲያ እኔ ስሞት ማን ይይዛታል? ንገረኛ! አረፋ እያየች ትኖራለች?»

ለዚህ መልስ እስከ ዛሬም የለኝም፤ የሚያነብ ሰው መልስ እንዳይጠብቅብኝ። ያለኝ ሚኒባስ ውስጥ ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱንም ለአምስት ወር ደብቄዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ብስኩት ነበር።

«አንቺ ያዢው» አልኳት። «ምንም አትበያት። ያዢው ብቻ።»

ገነት ብስኩቱን ያዘች። ሜላት ከወለሉ ተነሳች። መጥታ እናቷ ፊት ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ያንን ሁላችንም የለመንነውን ቀና ማለት ቀና አለች፤ እናቷን በቀጥታ ዓይኗን አየቻት። ዓይኗ ሲያምር! እኔ ከጎን ሆኜ አየሁት።

«አባባ» አለቻት እናቷን።

ገነት ብስኩቱን እንደያዘች ቀረች። ሜላት አልበቃትም ብላ ይመስለኛል፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው። «አባባ።»

ሰኞ ለቡ የሄድነው እኔና ገነት ብቻ ነን። ሚስ ሄለን ሁሉንም ሰማችን። ፊቷ ቀላ። «እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው አባባ» አለችኝ፣ «ክፉ ሆኜ አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔም ክፉ ሆኜ አይደለም።»

ክዳኖቹን ስጠይቃት መሳቢያ ከፈተች። የሜላት ስም የተጻፈበት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ነበሩ። እዚያው ቆጠርኳቸው፣ ሃያ ሦስት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሜላት በሳምንት ሁለት ቀን ትሄዳለች፤ ሚስ ሄለን በሥዕል ካርድ የፈለገችውን እንድትጠቁም ታስተምራታለች፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ በቃኝ። «በቃኝ» የምትለዋን ካርድ ትወዳታለች፣ ዳሯ አልቋል። እጇን የሚይዛት፣ አገጯን የሚያነሳት የለም። ሁሉንም ስልጠና ክፉ ነው አልልም። እናንተም ስትወስዱ በመስኮቱ እዩ፤ ልጁ ቤት ሲገባ የት እንደሚደበቅም እዩ። አልታዘዝም ያለውን ልጅ «በቃኝ» ያለ ልጅ ነው ብላችሁ ስሙት። ለዘይነባም ይህንኑ ነግሬያታለሁ። አብዱ አሁንም ሰላም ይላል።

ትምህርት ቤቱ አልተቀበላትም። ሰባት ዓመቷ ነው። ገነት አንዳንዴ ከቢሮ መጥታ ደጅ ላይ ትቆምና ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችን ታያለች። 

ክዳኖቹን ያመጣሁላት ቀን በደስታ ትዘልላለች ብዬ ነበር። ስታያቸው እጇን ጭኗ ላይ አደረገች። ቀና ብላ አየችኝና ትእዛዝ ጠበቀች።  ጎሚስታው ቤት፣ ከበርሜሉ አጠገብ፣ ቁመቷ የሚደርስበት ምስማር ላይ ሰቀልኳቸውና ጀርባዬን ሰጠኋት። ሳምንታት አለፉ፣ አልነካቻቸውም። እዚያ ስታልፍ እጇ ወደ ጭኗ ይሄዳል።

ባለፈው ወር አንድ ባለ ባጃጅ የፈሰሰ ጎማ ይዞ መጣ። ካላማዳሪያውን አውጥቼ ውሃው ውስጥ አዞራለሁ። ከበርሜሉ ማዶ አንድ ነገር ኮሽ፣ ኮሽ ሲል ሰማሁ፤ ክዳን በሲባጎ ላይ ሲንሸራተት የሚያሰማው ድምፅ ነው። ቀና አላልኩም። አረፋው ወጣ።

«ፍስስስ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ለአረፋው ይሁን ለእኔ አላውቅም። ቀና ብዬ ባያት የሚጠፋ መሰለኝና ውሃውን ብቻ አየሁ።

«ጋሼ፣ አገኘኸው?» አለ ባለ ባጃጁ፣ ሰዓቱን እያየ።

«ገና ነው፣ ቆይ» አልኩት። ባለ ባጃጁ እንዳያየው ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፍኜ ጎማውን እንደገና ማዞር ጀመርኩ።